እናቴን ያጎበጠው ሌንስ

ያን ሌንስ የገዛሁት ርካሽ ስለነበረ ብቻ ነው ብል ውሸት ነው። ርካሽስ ርካሽ ነበር። ዋናው ምክንያት ግን ቅናት ነው። አሶሳ ውስጥ ፎቶ አንሺ ሆኜ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ከእኔ በኋላ የጀመሩ ልጆች ድሮን ማብረር ጀምረው ነበር፤ እኔ ግን አሁንም ከካሜራው ጋር አብሮ በመጣው ሌንስ ሙሽራ አነሳለሁ። ሰው ደግሞ ፎቶህ ጥሩ ነው ብሎ አይተውህም። «እነ እገሌ እኮ ከሰማይ ነው የሚያነሱት» ይልሃል፣ ሒሳቡን እየከፈለህ።

ሌንሱን ያመጣው ከሱዳን በኩርሙክ በኩል ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። ሱቄ ገብቶ የስልክ ቻርጀርና ሽቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረግፍ፣ ከከረጢቱ ሥር በካልሲ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ፊሽአይ ነበር፣ የዓሣ ዓይን የሚሉት። የፊቱ መስታወት ፈጦ ወጥቷል፤ ክዳን የለውም። ነጋዴው ምን እንደያዘ አያውቅም ነበር፤ «የካሜራ ነው አሉኝ» አለ። አንድ ፍየል በማይገዛ ዋጋ ወሰድሁት።

በራሱ የሚሠራው አንድም ነገር የለም። ስትገጥመው ካሜራው ራሱ አያውቀውም። ሌንስ አልገጠምህም ብሎ ይከራከርሃል፤ ሜኑ ውስጥ ገብተህ ያለ ሌንስም ቢሆን አንሳ ብለህ ማታለል አለብህ። ፎከሱም ብርሃኑም በእጅ ነው። ዳር ዳሩ ላይ ሐምራዊ ነገር ይጥላል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ከመጣችበት ፎቶውን በነጠብጣብ ይሞላዋል። ተጠንቅቀህ ካልቆምህ የራስህ ጫማ ጫፍ ሥዕሉ ውስጥ ይገባል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ቀጥ ያለ ነገር አለመውደዱ ነው። መሀል ያለውን እንዳለ ይተወዋል፤ እንዲያውም ትንሽ ያፋፋዋል። ወደ ዳር በወጣህ ቁጥር ያጎብጥሃል፣ ያቀጥንሃል። ግድግዳው ይጎብጣል፣ የመብራት ምሰሶው ይጎብጣል፣ ሰውም ይጎብጣል። ይህን በመጀመሪያው ቀን፣ ሱቄ በር ላይ ቆሜ መንገዱን ሳነሳ አውቄዋለሁ። አላወቅሁም ነበር የምልበት መንገድ የለኝም።

ወጣቱ በጣም ወደደው። ሚዜዎች ክብ ሠርተው ቁልቁል ያዩኛል፤ እኔ መሬት ላይ ተንጋልዬ ከሥር አነሳቸዋለሁ። ስምንት ጭንቅላት ዙሪያውን፣ መሀል ላይ ሰማይ። ተመራቂዎች ቆባቸውን ሲወረውሩም እንደዚያው ነው። ክረምት ላይ በጭቃው ስንት ሸሚዝ እንዳበላሸሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ቆይተው የቤት ደላሎችም ደረሱበት፤ አልጋና ወንበር አብረው የማይገቡበት ክፍል በዚያ ሌንስ ሲነሳ አዳራሽ ያክላል። ፎቶውን በቴሌግራም አይቶ ከግልገል በለስ ድረስ ቤተሰቡን ጭኖ የመጣ ተከራይ በሩን ሲከፍት ምን እንዳለ አልጠየቅሁም። የእኔ ሥራ ማንሳት ነው፣ እል ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን አባባል በጣም እወደው ነበር።

የተወለድሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። መንደራችን የሚጠራው በቁጥር ነው። እናትና አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭነው ሲመጡ፣ እዚህ የኖሩት ሰዎች ለየጅረቱና ለየጉብታው ስም ነበራቸው። እኛን ያመጡን ሰዎች ስሙን አልጠየቁም፤ ቆጥረው ሰጡን። እናቴ ያኔ ገና ሙሽራ ነበረች። ታናሽ እህቷ ወሎ ቀረች። መኪናው ሲነሳ እህቷ ከኋላ እየሮጠች እስከ ድልድዩ ድረስ እንደተከተለቻት እናቴ መቶ ጊዜ ነግራኛለች። ከዚያ ቀን በኋላ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ሞባይል ሲመጣ በድምፅ ተገናኙ። አክስቴ በየእሑዱ ትደውላለች፤ እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ግቢውን ትዞራለች። የአክስቴ ልጅ ደህና ስልክ ሲገዛ የእናቱን ፎቶ ላከልን። እናቴ በሁለት እጇ ይዛ ስታየው ቆየችና «አረጀችብኝ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አክስቴ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ። «የእህትየን ፊት አሳየኝ» ትለኛለች። «አንተ ፎቶ አንሺ አይደለህ? እኔ ገጠሬዋ የላክሁትን አንተ እንዴት ያቅትሃል?»

አዎ፣ ፎቶ አንሺ ነኝ። የከተማውን ሰው ግማሹን አንስቻለሁ ብል ብዙ አላጋነንሁም። እናቴን ግን አላነሳኋትም፤ የቤት ሰው ነገ ይደርሳል ብዬ። ሁለት ሦስት ጊዜ በስልኬ አንስቻት ነበር፤ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ሄደ። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ ደግሞ ማህተሙ ግማሽ ፊቷን በልቶታል። አሁን ስናገረው ሰበብ ይመስላል፤ ሰበብም ነው።

መልኳን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ በመልኳ ላይ ነው። ረጅም ነበረች፣ ቀጥ ያለች። ስልሳ ካለፋት በኋላ እንኳ ውሃ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ወገቧ አይታጠፍም። ከሩቅ በአካሄዷ ትለያለች። አንገቷ ላይ ከልጅነቷ የተነቀሰችው ንቅሳት ነበራት፤ ስትስቅ ይሰፋል። ገበያ ስትሄድ አብራት የምትሄደው ከአገሩ ነባር ሰዎች ወገን የሆነችው የበርታዋ ጎረቤታችን ነች። ይህች ሴት እናቴን «ኡኽቲ» ነው የምትላት፣ በዐረብኛ እህቴ ማለቷ ነው። ሰፋሪው በመጣበት በመጀመሪያው ዓመት ወባ ቤቱን ሙሉ ሲጥለው፣ በየማለዳው በራችን ላይ አንድ እንስራ ውሃ ታስቀምጥ ነበር። ያኔ አንዳቸው የሌላኛቸውን ቋንቋ አያውቁም። መሬታቸው ላይ ለሰፈረባቸው ሰው ውሃ የሚያመጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው እያለች እናቴ እስክትሞት ትደነቅ ነበር።

አባቴ ቀደም ብሎ አርፎ ነበር፤ ታናሽ እህቴን ያገባት የባምባሲ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከወለጋ መጥተው እዚያ በንግድ የተቋቋሙ ናቸው። በሠርጉ ቀን በሁለት ሚኒባስ ሞልተው፣ የራሳቸውን ፎቶ አንሺ ከነቀምት ይዘው መጡ። ሁለት ካሜራ አንገቱ ላይ፣ ነጭ ስኒከር እግሩ ላይ። ሰላም ሲለኝ ካሜራዬን አየና ፈገግ አለ። ምናልባት የጨዋ ፈገግታ ነበር። እኔ ግን እንደዚያ አልወሰድሁትም።

ለቤተሰብ ፎቶ ሁሉም ከማንጎው ሥር ተሰበሰበ፤ ሃምሳ ሰው ገደማ ይሆናል። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ወደ ኋላ ስትሄድ የቀርከሃው አጥር ይይዝሃል። የነቀምቱ ልጅ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ብሎ አጥሩን በጀርባው ሲገፋ ቆየና «ሁሉም አይገባም፤ ለሁለት ብንከፍላቸው ይሻላል» አለ። ይኼኔ ጊዜዬ የደረሰ መሰለኝ። «እኔ ሁሉንም በአንድ አስገባቸዋለሁ» አልሁና ፊሽአዩን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

እኛ ዘንድ ፎቶ ላይ እንግዳ መሀል ይቆማል፣ ባለቤት ዳር ይይዛል። ማንም አይነግርህም፤ አውቀኸው ነው የምታድገው። በር አጠገብ እንደሚቀመጥ ባለቤት ማለት ነው፣ ገበታው መሀል ለመጣው ሰው ነው። የሙሽራው እናትና አባት፣ አጎቶቹ፣ ከሩቅ የመጡት ሽማግሌዎች መሀሉን ያዙ፤ የእኛ ሰዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሸሹላቸው። እናቴ ከማድቤት ተጠርታ፣ እጇን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች መጣች። የሙሽራው እናት ክንዷን ያዝ አድርጋ «ከጎኔ ቁሚ እንጂ» አለቻት። እናቴ ሳቀች። «እንግዳ እያለ እኔ መሀል ምን እሠራለሁ» ብላ እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀችና ወደ ዳር ወጣች። ለአንዱ ቦታ ስትለቅ፣ ለሌላው ስትለቅ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ደረሰች። እዚያ ጎረቤታችን ቆማ ነበር፤ እሷም ራሷን ከቤተኛ ቆጥራ ዳር ይዛለች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያያዙ።

በካሜራው ውስጥ ስመለከት እናቴን ጎብጣ አየኋት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አይቻለሁ። ራሷ ወደ መሀል ታጥፏል፣ አንገቷ ቀጥኗል፣ አፏ ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል። «እማየ፣ ወደ መሀል ግቢ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እሷን ለማስገባት ግን ከእንግዶቹ አንዱን ወደ ዳር ማውጣት አለብኝ፤ የሙሽራውን አጎት ማን ነው ወደ ዳር ውጣ የሚለው? ወይም ደግሞ ሌንሱን ቀይሬ፣ የነቀምቱ ልጅ እንዳለው ለሁለት ከፍዬ ማንሳት። እሱም ቢሆን አጥሩን ተደግፎ እያየኝ ነው። «በጣም ጥሩ፣ እንደዚያው ሁኑ» አልሁና ሦስት ጊዜ ተጫንሁት። እናቴ በአጠገቤ ስታልፍ «አንቺን ቆየት ብዬ ለብቻሽ አነሳሻለሁ» አልኋት። «እሺ ልጅየ» ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች። ቆየት ብዬም አላነሳኋትም፤ ካሜራዬን እያዞርሁ ሃምሳ ሰው በአንድ ፎቶ እንዴት እንዳስገባሁ ለሰው ሳሳይ ዋልሁ። የነቀምቱም ልጅ አየው። «ጎበዝ» አለኝ፣ ከልቡ።

ፎቶው ተወደደ። የእህቴ አማቾች በትልቁ አሳጥበው ባምባሲ ሳሎናቸው ውስጥ ሰቀሉት፤ አንዱን ለእኛ ላኩልን። እናቴ ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ መሀሉን ለረጅም ጊዜ አየች። ሙሽሪት፣ ሙሽራው፣ አማቾቹ፣ ሁሉም ሞላ ብለው፣ ቀጥ ብለው። ከዚያ ጣቷን ቀስ እያደረገች ወደ ዳር ወሰደችው።

«ይህች ማናት?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ።»

ጣቷን ከዚያ አላነሳችም። «እንዲህ ነኝ እንዴ?» አለች።

ሌንሱ ነው እማየ፣ ጠባዩ ነው፣ ዳር ያለውን ነገር ያጣምመዋል ብዬ አስረዳት ጀመር። ስለ መስታወቱ ጉብታ፣ ስለ ብርሃኑ አገባብ፣ የማውቀውንም የማላውቀውንም ዘበዘብሁ። በጥሞና ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ስታነሳኝ ታውቅ ነበር?»

ሚስማር ላምጣ ብዬ ተነሳሁ። ፎቶውን ራሷ ሰቀለችው፣ እሷ ያለችበት ጎን ከቁምሣጥኑ ጀርባ እንዲገባ አድርጋ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ሙሽሮቹን አይቶ ያደንቃል፤ የቤቱ ባለቤት የት እንደቆመች የጠየቀ አንድም ሰው አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲያ ካሜራ ባነሳሁ ቁጥር ወይ ሥራ ይታወሳታል፣ ወይ ፊቷን ታዞራለች። ስለምናት «አንዴ አንስተኸኝ የለ» ትለኛለች። በቁጣ አይደለም የምትለው፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አክስቴ በየእሑዱ ያንኑ ትጠይቃለች፤ እናቴም «ሲመቸኝ» ትላታለች። አንድ ቀን ደህናውን ሌንስ ገጥሜ፣ ወንበር ከማንጎው ጥላ አውጥቼ፣ በይ ተቀመጪ አልኋት። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ እስከ ዓይኗ ሸፈነች። «ለእህቴ ራሴ ሄጄ እታያታለሁ፤ አንተ አትድከም» አለችኝ። የምሯን ነበር። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ማሽላው ሲገባ፣ እያለች ሦስት ክረምት አለፈ። እኔም ልውሰድሽ አላልሁም።

የሞተችው ዝናቡ ሲገባ ነው። ወባ ነው ብለን ነበር፤ ወባ ብቻ አልነበረም። በአምስተኛው ቀን አረፈች።

ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ይፈለጋል። የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ተክለው፣ አግዳሚውን ደርድረው ሲያበቁ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ መጣና «መቼም እናንተ ቤት ፎቶ አይጠፋም» አለኝ። በደግነት ነው ያለው። እኔ ግን መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሱቄ ሄጄ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሽሁ። የሰው ሙሽራ፣ የሰው ተመራቂ፣ የሰው ስብሰባ። ለነቀምቱ ልጅ ደወልሁለት፤ ነፍስ ይማር ብሎ ያለውን ሁሉ ላከልኝ። እናቴ ሁለት ቦታ ላይ አለች። አንዱ ላይ ጀርባዋ ነው የሚታየው፤ ሌላው ላይ የተሸከመችው ትሪ ፊቷን ከልሎታል። የቀረኝ ያው የእኔው ፎቶ ነው። ከዳሩ ቆርጬ አወጣኋት። በኮምፒውተር ላቀናት ሞከርሁ፤ ጉብጠቷን ሲያቀናው ፊቷን ወደ ጎን ይለጥጠዋል፣ ጉንጯ ይሰፋል፣ ዓይኗ ይደበዝዛል፣ የማላውቃት ሴት ትሆናለች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። ጎባጣዋ ቢያንስ እናቴን ትመስላለች። እሷን አሳጥቤ ፍሬም አስገባሁና ወሰድሁ። ጥግ ላይ፣ እጇን የያዘው የጎረቤታችን እጅ ብቻ ከአንጓው ተቆርጦ ቀርቷል።

ሰው አለቀሰበት። የመጡት የሚያውቋት ናቸው፤ መልኳን ሁሉም በልቡ ይዞ ነበርና ፍሬሙ ውስጥ ያለውን ልብ ብሎ ያየው የለም። ተረፍሁ ብዬ አሰብሁ። እንዲህ ማሰቤን አሁን ሳስታውስ ራሴን እጠላዋለሁ።

አክስቴ የደረሰችው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። በሕይወት ላለች እህት ያልተገኘው መንገድ ለለቅሶ ተገኘ። ከልጇ ጋር ከወሎ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አሶሳ፣ በአውቶቡስ ቀናት ፈጅታ፣ እግሯ አብጦ መጣች። ድንኳኑ ተነስቶ ነበር፤ መምጣቷን የሰማው ጎረቤት ግን ግቢያችንን ሞላው። ባምባሲዎቹም መጡ። አክስቴ ከበሩ ጀምራ እየጮኸች ገባች፤ ፎቶው ካለበት ጠረጴዛ ፊት ስትደርስ ጩኸቷ ተቋረጠ። ፍሬሙን አነሳች። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ መልሳ አስጠጋችው።

«ይህች ናት?» አለች።

«እሷ ናት» አሏት ሴቶቹ።

«እህትየ እንዲህ ሆና ነው የሞተች?»

ከዚያ ፍሬሙን ወደ ሰዉ አዞረችና ደረቷ ላይ አስደግፋ ያዘችው። «ኸኛ ስትለይ ቀጥ ያለች ልጅ ነበረች፤ ይህን የምታውቁ አላችሁ» አለች። «ወገቧን ምን ሰበረባት? አንገቷን ምን እንዲህ አመነመነው? ምን ዓይነት አገር ነው፣ እህትየን ሙሉ ሰው ተቀብሎ ይህን የሚመልስልኝ?»

አብረው ከወሎ የመጡት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ «እውነትሽን ነው፤ ይህ ቆላ ያልጨረሰው ማን አለ» አለ። ሴቶቹ ተቀብለው አለቀሱ፤ ለቅሶው እንደገና ጋለ። እነዚህ ሰዎች እናቴን ከወር በፊት ከገበያ ስትመለስ፣ ቀጥ ብላ በየደጃፋቸው ስታልፍ ያዩ ናቸው። ግን ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚህ አፈር ያለበሱት ሰው አላቸው፤ ስንት ዘመን ሙሉ የደረሰባቸውን የሚያሳዩበት ነገር አልነበራቸውም። አሁን እኔ በፍሬም አሠርቼ አቀረብሁላቸው።

ይኼኔ ጎረቤታችን ከጥጉ ተነሳች። ምንጣፍ ጫፍ ላይ ነበር የተቀመጠችው።

«አይደለም» አለች። «ኡኽቲ ጎባጣ አይደለም። ወላሂ፣ እሷ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ እስከ መጨረሻ ቀን። አገር አይደለም ይሄ። ይሄ ካሜራ ነው። እኔም እዚያ ፎቶ ላይ አለሁ፣ እኔም ጎብጧል። ይኸው፣ እኔን ተመልከቺ።» ቆማ አሳየቻት። አክስቴ አየቻት፤ ዕድሜዋ ከእናቴ የማያንስ፣ ቀጥ ብላ የቆመች ሴት።

«ልጁ ያውቃል» አለች ጎረቤታችን። «እሱ ነው ያነሳው። እሱን ጠይቂው።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው ልጅየ?»

ሁሉም ያየኛል። ሽማግሌዎቹ፣ እህቴ፣ የእህቴ አማቾች። መልሱ አጭር ነበር። እኔ ነኝ ያጎበጥኋት፤ ሳነሳት አውቅ ነበር፤ በአንድ የማላውቀው ልጅ ፊት ላለማፈር ብዬ ነው። ይህን አፌ ላይ አድርሼዋለሁ። ከዚያ የሙሽራውን አጎት አየሁት፣ ያን ቀን መሀል የቆመውን፤ ዕድሩ ውስጥ ያሉትን ደንበኞቼን አየሁ፤ የእናቱን ፊት ያበላሸ ፎቶ አንሺ ተብዬ በዚህች ከተማ ስኖር ታየኝ።

«በመጨረሻው ጊዜ ደክሟት ነበር» አልሁ።

ውሸት እንኳ አይደለም። አምስት ቀን ታማለች፤ ደክሟታል። አክስቴ ደረቷን መታች፤ ሴቶቹ ተከተሏት። ጎረቤታችን ለአፍታ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ አንድ ነገር ፈልጎ እንዳጣ ሰው ነው ያየችኝ። የምትከናነበውን ቶቧን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ በር ላይ ከተደረደሩት ጫማዎች የራሷን ፈልጋ ወጣች። በአርባው ቀን ልጇን ላከች እንጂ እሷ አልመጣችም። ገበያ ላይ ባሚያ ስትሸጥ አገኛታለሁ፤ ለማንኛውም ገዢ እንደምትለው ደህና ነህ ትለኛለች።

አክስቴ ስትመለስ ፍሬሙን ልውሰደው አለች። አይሆንም ማለት አልቻልሁም፤ በፌስታል ጠቅልዬ፣ እንዳይሰበር በእናቴ ጋቢ ሸፍኜ ራሴ አሰርሁላት። ወሎ ስትደርስ ተዝካር ደገሰች። እናቴን በልጅነቷ የሚያውቋት ሁሉ መጡ፤ አብረዋት ውሃ የቀዱ፣ በሠርጓ የጨፈሩ። አንድ በአንድ እየቀረቡ ፎቶውን አይተው፣ ያ በረሃ እንዲህ አደረጋት እያሉ እንዳለቀሱ የአክስቴ ልጅ ጽፎልኛል። ፍሬሙን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ በስልኩ አንስቶ ልኮልኝ ነበር። የተወለደችበት አገር የሚያውቃት እንግዲህ በዚያ ፊት ነው።

ሱቄን አልዘጋሁም። ሙሽራ አነሳለሁ፣ ለመታወቂያ አነሳለሁ፤ ሰው ሲደረደርልኝ ዳር የቆመውን ስም ጠርቼ ወደ መሀል አስገባለሁ፤ አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ ይቆጣኛል። ይህም ለማን እንደሚጠቅም አላውቅም።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ስትደውል አላስቻለኝም። ሱቁን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኋት። ሌንሱ ርካሽ እንደነበረ፣ ዳር ያለውን እንደሚያጎብጥ፣ እናቴ ለእንግዳ ቦታ ለቅቃ ዳር እንደቆመች፣ ጎብጣ እያየኋት እንደተጫንሁት። ጎረቤታችን እውነቷን እንደነበረ፣ እኔ ፈርቼ እንደዋሸሁ። እናቴ እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር አልኋት። አክስቴ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ጠራኋት።

«ተው ልጅየ» አለችኝ፣ እንደታመመ ሰው እያባበለችኝ። «እኔን አጽናናለሁ ብለህ ራስህን አትወንጅል። ደግ ልጅ ነህ፤ እሷም ደግ ልጅ አለኝ ትለኝ ነበር። እንዲያው ምን ያደርግልኛል ብለህ ነው? እኔ እንደሁ አይቻታለሁ።»